የቲቸር ክንዴ የዓርብ ሙግት

ባለፈው ሰሞን ከእህል መጋዘኔ ጥግ አንድ ያረጀ ሬዲዮ አገኘሁ። የጀርባውን ክዳን ስከፍተው ውስጡ የተረሱት የባትሪ ድንጋዮች ፈስሰው ሽቦውን አረንጓዴ አድርገውታል። መራራ፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ሽታ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር፤ እኔ ግን ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ያ ሽታ ለእኔ የዓርብ ከሰዓት ሽታ ነው።

ደብረ ታቦር ዘጠነኛ ክፍል ስማር የክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ እየነጣ ጠመኔ አልቀበል ይል ነበር። ለቀለም መግዣ በጀት የለም። ስለዚህ ከየቤታችን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እናመጣለን፤ እንሰነጥቀዋለን፣ ከሰሉን አውጥተን እንወቅጠዋለን፣ በቅጠል ጭማቂ ለውሰን ሰሌዳውን እንቀባለን። ይህን የሚያሠሩን የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ክንዴ ነበሩ። የዓርብን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ለሙግት ሰጥተውት ስለነበር ርዕሱ ጎልቶ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። «ጉዳዩ ፊቱ ካልተጻፈለት ሰው ከጉዳዩ ወጥቶ ሰውን ይሳደባል» ይሉ ነበር። ነጋዴ ከሆንኩ በኋላ ይህ ነገር እውነት መሆኑን በየቀኑ አይቼዋለሁ፤ ግን ገበያ ላይ ሰሌዳ የለም።

ቲቸር ክንዴ ከእብናት በኩል የመጡ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ኮት የሚለብሱ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጨጓራ ነበረባቸው። ኪኒናቸውን በኪሳቸው በወረቀት ጠቅልለው ይይዙና ሲጨንቃቸው እንደ ቆሎ ይቆረጥሙታል። እኛ ስንሟገት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጀርባቸውን ይሰጡናል። አንድ ጊዜ ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «ፊት ካየሁ አዳላለሁ» አሉን። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም፣ ሬዲዮው ሁሉ ስለ መብት ቢያወራም፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር አሁንም ዙሪያውን ያያል። ልጆችን ሰብስቦ ማከራከር ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የኮሪደሩ ወለል በተንቋቋ ቁጥር ቲቸር እጃቸው ወደ ኪኒኑ ይሄዳል።

ርዕሶቹ የታወቁት ነበሩ፤ ከእሳትና ከውሃ፣ ከከተማና ከገጠር፣ ከገንዘብና ከዕውቀት የቱ ይበልጣል። በገንዘብና በዕውቀት ሙግት ለዕውቀት ቆሜ ረትቻለሁ። አሁን እህል ነጋዴ ነኝ። የቲቸር ደንብ ግን ከሌላ ቦታ የተለየ ነበር። ለየትኛው ወገን እንደምትቆም አንተ አትመርጥም፤ በዕጣ ይደርስሃል። በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ወገን ትለዋወጣለህ፤ ትናንት ያጣጣልከውን ዛሬ ታነሣዋለህ። ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ነው። ለባላጋራህ መልስ ከመስጠትህ በፊት እሱ የተናገረውን በራስህ አፍ መመለስ አለብህ። «እንዲህ ብለሃል?» ትለዋለህ። በትክክል ከመለስክለት «ብያለሁ» ይላል፤ ካጎደልክበት «አላልኩም» ይላል፣ እንደገና ትሞክራለህ። «ብያለሁ» ሳታስብል መልስ የለም።

እኔ መጀመሪያ ይህን ደንብ እንደ ምሽግ አየሁት። አንድ ዓርብ ባላጋራዬ የመለሰልኝን ሁሉ «አላልኩም» እያልኩ ደወል እስኪደወል አደረስኩት። ቲቸር ክንዴ ከመስኮቱ ዞሩ። «ደሳለው፣ ያላልከውን ነው አላልኩም የሚባለው። ያልከውን ከካድክ ሌባ ነህ» አሉኝ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ክፍሉ ሳቀብኝ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ከፊቴ የምትቀመጠው ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ ከጉና ሥር ከምትገኝ መንደር የመጣች የገበሬ ልጅ ነበረች። ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እሑድ እሑድ የሳምንት ስንቋን አዝላ ከአገሯ ትመጣለች። በሌላው ክፍለ ጊዜ አፍ የላትም፤ ለሙግት ስትቆም ግን እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቃሏን አንድ በአንድ ታስቀምጣለች። እንደ እሷ ቃል መመለስ የሚችል አልነበረም። የተናገርከውን ከአንተ አሳምራ ስትመልስልህ፣ ትረታኛለች ብለህ እየፈራህ እንኳ «ብያለሁ» ለማለት ትቸኩላለህ።

ጾሙ እንደገባ አንድ ቀን ሰሌዳ ስንቀባ፣ የባትሪ ከሰሉን ከጣቷ እየጠረገች፣ «ከፋሲካ በኋላ ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሠርጉ።»

«የማን ሠርግ?»

«የኔ ነዋ። ያንተ መሰለህ?»

ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። አባቷ ለሰው ቃል ሰጥተዋል። ትምህርቱ በዚያው ያበቃል ማለት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የቱ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ብትጠይቁኝ ለራሴ ብዙ ተስፋ አልነበረኝም፤ ለትርንጎ ግን ነበረኝ። እሷም ለራሷ የነበራት ተስፋ ያችው የክፍሉ ወንበር ብቻ ነበረች።

ነገሩ ቲቸር ክንዴ ጆሮ ሲደርስ የሰሙ አልመሰሉም፤ ኪኒናቸውን ብቻ ቆረጠሙ። ሳምንት ሳይሞላ ግን የወላጆች ቀን ላይ የክፍላችን ሙግት እንዲቀርብ ከዳይሬክተሩ አስፈቅደው መጡ። ርዕሱን ራሳቸው ጻፉት፤ «ሴት ልጅ ትማር ወይስ ትዳር»። ሐሳባቸው ለሁላችንም ገባን። አባቷ ይመጣሉ፣ ዕጣው ከቀና ትርንጎ ለትምህርት ትቆማለች፣ አባት ልጃቸውን በአደባባይ ይሰማሉ። በባላጋራነት እኔን መረጡ። ቀላል መሰለኝ። ትዳርን ወክዬ መረታት ብቻ ነው፤ መረታት ደግሞ ልምዴ ነበር።

ዕጣው ሲወጣ ግን «ትዳር» ለትርንጎ ደረሳት።

ክፍሉ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ይደገማ» አለ። ቲቸር ክንዴ ጠመኔያቸውን ሰበሩት። ዓመቱን ሙሉ በዕጣ አይቀለድም ሲሉን የኖሩ ሰው ናቸው። ትርንጎ ወረቀቷን አጥፋ በጉያዋ ከተተችና «ይሁን ቲቸር። የደረሰኝ ነው» አለች። ቲቸር ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አይደገምም» አሉ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ምናልባት ሰሚው ሁሉ ልምምድ መሆኑ ይገባዋል ብለው ይሆናል። የተማረ ሰው አንዳንዴ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤት የገባ ይመስለዋል።

የወላጆች ቀን ነፋስ ነበረው። አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ሜዳው አወጣናቸው። የትርንጎ አባት አያ ጫኔ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው ከፊት ተቀመጡ። አያ ጫኔ በሙግት የታወቁ ሰው ናቸው። በመሬት ጉዳይ በንጉሡ ጊዜም በደርግ ጊዜም ተሟግተዋል፤ በመንደሩ ሰው ሲጣላ እሳቸው ሳይሰሙት ነገር አይቆረጥም ይባላል።

ትርንጎ እጇን አጣምራ ቆመች። ስለ ትዳር ጥቅም ትደረድራለች ብዬ ስጠብቅ እሷ አባት ሆና ተናገረች። «ልጄን ከተማ ሰድጄ ከማን ጋር እንደምታድር አላይም። መንገድ ላይ ጠላፊ ቢይዛት እኔ የምጮኸው ከጉና ሥር ነው፤ ጩኸቴ እዚህ አይደርስም። ነገ ብሞት ወንድሞቿ መሬቱን ሲካፈሉ እሷን ማን ያስባታል? ስለዚህ ዓይኔ እያየ ጎጆ ትውጣ።» ከኋላ አንዲት እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አያ ጫኔ አልተነቃነቁም፤ ዱላቸውን የያዘው እጃቸው ግን ጠበቅ አለ።

እኔ ቃሏን መለስኩ፤ «ብያለሁ» አለች። ከዚያ ለትምህርት ተናገርኩ። ከጤና ጣቢያው ግድግዳ የሸመደድኩትን ሁሉ ተወጣሁት። ወላጆቹ ሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው አዳመጡኝ፤ ማለት ቃሉ ይደርሳቸዋል፣ ሰውየውን ግን አያዩትም። እጅ ይውጣ ሲባል እጁ ሁሉ ለትርንጎ ወጣ። ዳይሬክተሩ አጨበጨቡ።

አያ ጫኔ ተነሡ። «ሰማችሁ አይደል?» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ልጄ በአደባባይ ቆማ ብላለች። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።» ሄደው ቲቸር ክንዴን ትከሻቸውን ሳሙ። «እግዜር ይስጥልኝ መምህር። አስተማሩልኝ።»

ቲቸር ክንዴ እጃቸውን አርገበገቡ። «አያ ጫኔ፣ ይህ እኮ ልምምድ ነው። ዕጣ ደርሷት ነው እንጂ...»

«ዕጣማ ከእግዜር ነው» አሉ አያ ጫኔ፤ ነገሩም በዚያ ተዘጋ።

ትርንጎ እጆቿን እንዳጣመረች የቆመችበት ቦታ ላይ ቀርታ ነበር። በዚያው ከሰዓት ፍራሿና ድስቷ አህያ ላይ ተጫነ። የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። በሚቀጥለው ዓርብ ወንበሯ ባዶ ሆኖ ቲቸር ክንዴ ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፉም። በመስኮቱ ወደ ጉና ሲያዩ ክፍለ ጊዜው አለቀ።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ከእናቴ የበርበሬ ጉሊት አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ቲቸር መጥተው ከፊቴ ቆሙ። እናቴ ልትነሣላቸው ስትል በእጃቸው መልሰው አስቀመጧት።

«ደሳለው፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ እንሄዳለን።»

«ወዴት ቲቸር?»

«ሙግት ይዘን የለም እንዴ? ወገን መለዋወጫችን ነው።»

እናቴ ሳቀች፤ እሳቸው የምራቸውን ነበር።

መንገዱ ጭጋግ ነበር። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ቀርቷል፤ ውሻ ይጮሃል፣ ከየት እንደሚጮህ አይታይም። እኔ የምፈራው ውሻውን፣ የአያ ጫኔን ዱላ፣ የሙሽራውን ዘመዶች ነበር፤ ሁሉንም በየተራ እፈራለሁ። «ቲቸር፣ እረታላታለሁ» አልኳቸው ላጽናናቸው ብዬ። ቆሙ። «እንዳታደርገው። አያ ጫኔ ስንት ሐሰተኛ ምስክር ያዩ ሰው ናቸው። ሆን ብለህ ከወደቅክ ያውቁብሃል፣ ልጅቱም በዚያው ትቀራለች። የምትችለውን ያህል ተሟገትባት።»

አያ ጫኔ በክብር ተቀበሉን። ግቢያቸው ውስጥ ወይራ ሥር ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። ጠላ ቀረበልን። ቲቸር ክንዴ ዋንጫውን ይዘው አልጠጡም።

«አያ ጫኔ፣ አንቱ በሙግት ያደጉ ሰው ነዎት» አሉ። «ዳኛ የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል?»

«የሰው ልጅ የሆነ ዳኛ አያደርገውም።»

«በኛ ደንብ ትርንጎ ገና ግማሽ ቃሏን ነው የሰጠችው። ያን ቀን በአንዱ ወገን ቆመች፤ በሌላው ወገን የምትቆምበት ሳይደርስ ወሰዷት። አንቱ በግማሽ ቃል ልጅ እየዳሩ ነው።»

ጎረቤቶቹ ተያዩ። አያ ጫኔ ጢማቸውን ያዙ። ከመምህር ጋር ሳይሆን ከገዛ ስማቸው ጋር የሚሟገቱ ይመስሉ ነበር። «ታዲያ ምን ይላሉ?»

«ቀጠሮ ይስጡኝ።»

«ቀጠሮ ለምን? ልጅቱ አለች፤ ተሟጋቹንም ይዘውት መጥተዋል። ይነሡ። አሁን ልስማ።»

ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። እኔን ስታይ ዓይኗን መለሰች። እኔ በትዳር ወገን፣ እሷ በትምህርት ወገን ቆምን። ቲቸር ክንዴ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን አዞሩ፤ መስኮት ስለሌለ ወደ በረቱ።

«አባቴን ጠልቼ አይደለም» አለች። «ጎጆ አልወጣም ማለቴም አይደለም። አባቴ የሚፈሩልኝን አውቃለሁ፤ ያን ቀን ሁሉንም ተናግሬዋለሁ፤ እውነት ነው። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነው። ባሌ ቢፈታኝ ወይ ቢሞት ባዶ እጄን ወደ ወንድሞቼ ደጅ መመለስን ነው የምፈራ። የሚፈሩልኝና የምፈራው አንድ አይደለም። የኔን ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ቃሏን መለስኩ፤ «ብያለሁ» አለች። ከዚያ መሟገት ነበረብኝ። የአያ ጫኔን ነገር ለማንሣት ሞከርኩ፤ ነገሩ ተደበላለቀብኝ። ከተማ ያለ ወንድ ሁሉ ክፉ ነው፣ የተማረች ሴት ባል አታከብርም፣ የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። እየረታሁ ይሆን እየተረታሁ አላውቅም ነበር።

አያ ጫኔ አላስጨረሱኝም። «እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?» አሉ። «ወንድ ሁሉ ክፉ ነው ብል ኖሮ አንተን ግቢዬ አስገባህ ነበር? ሂድ ተቀመጥ። ነገሬን አበላሸኸው።» ጎረቤቶቹ ሳቁ። አያ ጫኔ ተነሥተው ጋቢያቸውን አደገደጉ፤ የድሮ ተሟጋች እንደሚቆም ዱላቸውን ወደፊት ዘርግተው ከልጃቸው ፊት ቆሙ። «የኔን እኔ እሟገታለሁ።»

ቲቸር ክንዴ ከበረቱ ዞሩ። ሙግት ሳያልቅ ጀርባ መስጠታቸውን ሲተዉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «መልካም» አሉ። «ግን ደንቡ ይጠበቅ አያ ጫኔ። መጀመሪያ ቃሏን ይመልሱላት። ብያለሁ ስትል ይቀጥላሉ።»

«ይሄማ ምን ይቸግራል» አሉ። ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ትዳር ጠልቻለሁ ብለሻል።»

ትርንጎ መሬት መሬቱን እያየች፣ በቀጭን ድምፅ፣ «አላልኩም» አለች።

አንዱ ጎረቤት ጉሮሮውን ጠረገ። አያ ጫኔ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ወንድሞቼ ያባርሩኛል ብለሻል።»

«አላልኩም አባቴ።»

ለአያ ጫኔ በገዛ ግቢያቸው፣ በሰው ፊት፣ ሁለቴ አላልኩም ያለ ሰው የነበረ አይመስለኝም። እኔ በዓይኔ የግቢውን በር እፈልጋለሁ። ቲቸር ክንዴ ወረቀታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፈቱት፤ ኪኒኑ አልቆ ነበር። እንደገና ጠቀለሉት።

አያ ጫኔ ዱላቸውን መሬት አስነኩ። ልጃቸውን አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የተሟጋች ድምፅ አልነበረም። «አባቴ የሚፈራልኝ ሌላ ነው... እኔ የምፈራው ሌላ ነው። አባቴ ስለኔ ሲፈራ ኖረ እንጂ፣ ምን ትፈሪያለሽ ብሎ አልጠየቀኝም።» ቆሙ። «ብለሻል?»

«ብያለሁ» አለች።

የሳቸው ተራ ነበር። አያ ጫኔ ጋቢያቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ ጣሉና «ከብቶቹን ውኃ አላጠጣናቸውም» ብለው ወደ በረቱ ሄዱ።

ስንመለስ ጭጋጉ ወርዶ ዝናብ ሆነ። «ቲቸር፣ ረታን?» አልኳቸው። «አላውቅም» አሉ። በሚቀጥሉት ቀናት ወንበሯ ባዶ ነበር። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቲቸር መጻፋቸውን ያቆማሉ፤ ነፋስ ሲሆን ይቀጥላሉ። የሠርጉ ቀን እየቀረበ ነበር።

አንድ ጠዋት ደጁ ላይ አህያ ቆመች፤ ላይዋ ላይ ፍራሽ ነበር። አያ ጫኔ ከበሩ ሳያልፉ ክፍሉን ቃኙ። «ቦታዋ አለ?» አሉ።

«አለ» አሉ ቲቸር ክንዴ።

ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። አያ ጫኔ በሙሽራው ዘመዶች ዘንድ ቃለ አባይ ተብለው፣ በሽማግሌ ታርቀው ክረምቱን እንዳሳለፉት የሰማሁት ቆይቶ ነው። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይሉ ለነበሩ ሰው ምን ያህል እንደከበደ አስቡት።

ቲቸር ክንዴ ከዚያ በኋላ ወላጅ ፊት ሙግት አላቀረቡም፤ ዓርብ ግን አልታጎለም። ፕላዝማ ቴሌቪዥን እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው። እሱ ሲመጣ እኔ ትምህርቱን ትቼ የእህል ንግድ ጀምሬ ነበር። ትምህርቱ ሁሉ ከሳጥኑ ይወጣል፤ አስተማሪው ማብራትና ማጥፋት ነው ሥራው። ሳጥኑን «እንዲህ ብለሃል?» ቢሉት አይሰማም። ቲቸር ያን ዓመት ሳይጨርሱ ዝውውር ጠይቀው ሄዱ፤ የተሰናበቱት ሰው የለም።

አያ ጫኔ ገብስ ሊሸጡልኝ ሲመጡ የቲቸርን መሄድ ነገርኳቸው። ጆንያው ላይ ተቀመጡ። «ፍርድ እኮ አልሰጠሁም» አሉ። «ፍርዱን ሳይሰማ የሚሄድ ባለጉዳይ አይቼ አላውቅም።»

«ካገኘኋቸው ምን ልበልልዎ?»

የፈሰሰውን ገብስ በዱላቸው ጫፍ ወደ አንድ ቦታ ሰበሰቡት።

«ረትታኛለች በላቸው።»

እብናት ለእህል ስወርድ ጠየቅሁ። እዚህ ነበሩ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ አገር ተዛውረዋል አሉኝ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ገበያ ሁሉ እጠይቃለሁ። አያ ጫኔም አረፉ። ትርንጎ ከአንበሳሜ፣ ከምትሠራበት ክሊኒክ፣ ከባሏ ጋር ለለቅሶ መጣች። ሰዉ ሲቀልል አጠገቧ ተቀምጬ አባቷ ለቲቸር ክንዴ የላኩትን ቃል ነገርኳት።

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«እስቲ ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩላት።